ከሺህ ዶላሩ ላይ የጎደለው 76 ዶላር ከ50 ሳንቲም፦ ሶሻል ሴኩሪቲ ለአዲስ ገቢዎች

አሜሪካ በገባሁ በአራተኛው ሳምንት የፓርኪንግ ሥራ አገኘሁ። የመጀመሪያዋን ቼክ የተቀበልኩ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከቼኩ ጋር የተያያዘችውን ወረቀት አገላብጣለሁ፤ በልቤ የደመርኩትና እጄ የገባው አልገናኝ ብሎኛል። ታክስ እንደሚቆረጥ ሰምቼ ስለነበር እሱ አልገረመኝም። ከታክሱ ሥር ግን «ፊካ» የምትል ሌላ መስመር አለች። በማግስቱ አብረውኝ የሚሠሩትን አንድ ጋሼ ብጠይቃቸው «ተወው ልጄ፣ እሱ የሽማግሌ ነው» አሉኝ። እኔም ተውኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተውኩት።

ያቺ መስመር በዋናነት የሶሻል ሴኩሪቲ፣ የጡረታው መዋጮ ናት፤ እናንተ እንዳትተዉት ነው ይህን የምጽፈው። ገና ከአውሮፕላን ለወረደ ሰው ስለ ጡረታ ማውራት ቀልድ እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ኪራዩ አለ፣ አገር ቤት የሚላከው አለ፣ መንጃ ፈቃዱ አለ። ነገር ግን የሶሻል ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ መበላሸቱ የሚታወቀው ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

እድር እንጂ እቁብ አይደለም

እኛ «ሶሻል» ስንል ዘጠኝ አኃዝ ያለውን ቁጥር ማለታችን ነው። አዲስ ገቢ ሁሉ ሲገናኝ «ሶሻልህ መጣ?» ይባባላል። ቁጥሩን የሚሰጠው ሶሻል ሴኩሪቲ አድሚኒስትሬሽን የተባለ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ባልቲሞር አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ዉድሎን የሚባል ቦታ ሲሆን በየከተማው ደግሞ 1,200 ያህል ቅርንጫፎች አሉት። ዋና ሥራው መዝገብ ነው። በዚህ አገር ታክስ ከፍሎ የሠራ ሰው በየዓመቱ ስንት እንዳገኘ ይመዘግባል፤ ያ ሰው ሲያረጅ፣ መሥራት ሲያቅተው ወይም ሲሞት መዝገቡን ገልጦ ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ በየወሩ ይከፍላል።

አብዛኛው ሰው የሚቆረጥበትን ገንዘብ እንደ እቁብ ያየዋል፤ ያስቀመጥኩት ነው፣ ተራዬ ሲደርስ አነሳዋለሁ ብሎ። ነገሩ ግን እድር ነው። ዛሬ ከእናንተ የሚቆረጠው ዛሬ በጡረታ ላይ ላሉት ይከፈላል፤ የእናንተን ደግሞ ያኔ ሥራ ላይ ያሉት ይሸፍኑታል። በስማችሁ የተቆለፈ ካዝና የለም። በስማችሁ ያለው መዝገብ ነው፤ እድር መዝገብ ላይ ስሙ ያልሰፈረ ሰው ድንኳን እንደማይተከልለት ሁሉ፣ እዚህም መዝገቡ ላይ የሌለ ዓመት እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ሕጉን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት ኦገስት 14 ቀን 1935 ነው። የመጀመሪያዋን ወርሃዊ ቼክ በጃንዋሪ 1940 የተቀበሉት አይዳ ሜይ ፉለር የሚባሉ የቬርሞንት ሴት ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለሦስት ዓመት የተቆረጠባቸው 24 ዶላር ከ75 ሳንቲም ብቻ ሲሆን የመጀመሪያዋ ቼካቸው 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም ነበረች። እኚህ ሴት መቶ ዓመት ኖረው በጠቅላላው ከ22,000 ዶላር በላይ ወሰዱ። እቁብ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ወር «የእርስዎ አልቋል» ይባሉ ነበር።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ለዩ። ታክስ የሚሰበስበው አይአርኤስ ነው፤ ግሪን ካርድና ዜግነት የኢሚግሬሽን ነው፤ የሥራ አጥ ክፍያና ፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጎማ) በየስቴቱ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዶ ስለ ፉድ ስታምፕ ተሰልፎ ግማሽ ቀን ያጠፋ ሰው አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ።

ካርዱ

በዲቪ ወይም በቤተሰብ ቪዛ የመጣችሁ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ሆናችሁ ዲኤስ-260 የሚባለውን ፎርም ስትሞሉ «ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ እንዲላክልህ ትፈልጋለህ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነበረው። «አዎ» ብላችሁ ከሆነ ቢሮ መሄድ ሳያስፈልጋችሁ፣ ከገባችሁ በሦስት ሳምንት አካባቢ በፖስታ ይመጣል። ሰው የሚሰናከለው አድራሻው ላይ ነው። ፎርሙ ላይ የተጻፈው የአጎት ልጅ ቤት ይሆናል፤ እናንተ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ስቴት ሄዳችኋል፤ ወይም እዚያው ሆናችሁ የፖስታ ሳጥኑ ላይ የእናንተ ስም ስለሌለ ፖስታ አመላላሹ «እዚህ አይኖርም» ብሎ ይመልሰዋል። መፍትሔው ሁለት ሳንቲም አያስወጣም፤ ስማችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ሳጥኑ ውስጥ በፕላስተር ለጥፉት።

በሳምንታት ውስጥ ካልመጣ፣ ወይም «አይ» ብላችሁ ከሆነ፣ ቪዛውና የመግቢያ ማኅተሙ ያለበትን ፓስፖርት ይዛችሁ ቅርንጫፍ ቢሮ ሂዱ። አሁን አሁን በቀጠሮ ነው የሚሠሩትና ቀድማችሁ ደውሉ። ስደተኛ ሆናችሁ የገባችሁ አይ-94 የሚባለውን የመግቢያ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ጥገኝነት ጠይቃችሁ የምትጠብቁ ደግሞ የሥራ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ካርዱ በነፃ ነው። «እኔ አስወጣላችኋለሁ፣ 50 ዶላር» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ለ50 ዶላሩ ሌላ ሥራ ፈልጉለት።

ካርዱ እስኪመጣ ሥራ መጀመር አይቻልም የሚባለውም ወሬ ነው። የኢሚግራንት ቪዛ ያለበት ፓስፖርት ኤርፖርት ላይ ማኅተም ሲመታበት ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል፤ አሠሪው ቁጥሩን ሲመጣ ይመዘግበዋል።

ቢሮው የአገራችንን ቀበሌ የሚያስታውስ ነገር አለው። በር ላይ ጥበቃው ቦርሳችሁን ይፈትሻል፤ ማሽኑ ላይ ቁጥር ትቆርጣላችሁ፤ ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ስክሪን ማየት ነው። መስኮቱ ጋ ስትጠሩ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ «አምሐሪክ» በሉ። በስልክ ያገናኙላችኋል፣ አይከፈልበትም። የአሥር ዓመት ልጅ ይዞ ሄዶ ማስተርጎም የለመደብን ነገር ነው፤ ለልጁም ለጉዳዩም አይበጅም።

መስኮቱ ጋ ሦስት ነገር ላይ ንቁ።

አንደኛ ስም። ካርዱ ላይ የሚጻፈው የኢሚግሬሽን ወረቀታችሁ ላይ ያለው ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ስለሆነ አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም መጨረሻ ይሆናል፣ ሌላው ላይ የአያት። ካርዱ ላይ የወጣውን ስም በቃላችሁ ያዙትና ለአሠሪ፣ ለባንክ፣ ለታክስ ሠሪ ያንኑ በዚያው ፊደል ስጡ። እኔ በሁለተኛው ዓመቴ የሠራሁበት አንድ ቦታ የአባቴን ስም እንደ መጨረሻ ስም አድርጎ መዘገበኝ። ደመወዜ ላይ ምንም ችግር ስላልነበረ ዝም አልኩ። የስሙ ጉዳይ የት እንዳደረሰኝ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሁለተኛ የልደት ቀን። መስከረም 1 ቀን 1975 በእኛ አቆጣጠር የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1982 ነው ልደቱ። ወረቀቱ ላይ 01/01/1975 ተብሎ ሳይመነዘር ከገባ ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 1975 ይሆናል፤ በአንድ ሌሊት ሰባት ዓመት ከምናምን ያረጃል ማለት ነው። ይህ ስንት ሰው ላይ የደረሰ ነገር ነው። ስሕተቱን ያየ ሰው ቶሎ ያስተካክል፤ ኢሚግሬሽን ወረቀቱ ላይ ያለው ካልተስተካከለ ሶሻሉ ብቻውን አይስተካከልም። ዕድሜን ለማረጋገጥ ይህ መሥሪያ ቤት ከፍ አድርጎ የሚያየው አምስት ዓመት ሳይሞላ የተመዘገበ የልደት ወይም የሃይማኖት ማስረጃን ነው። የሆስፒታል ልደት ወረቀት የሌለን ብዙዎች በሕፃንነታችን ክርስትና ስንነሳ የተሰጠ ካርድ እናታችን ሣጥን ውስጥ ሊኖር ይችላልና አትናቁት፤ አስፈልጉት። (ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለዳችሁ እንግዲህ ብዙ ናችሁ። ለሶሻል ሴኩሪቲ አንድ ሰው ዕድሜው የሚሞላው ከልደቱ በፊት ባለው ቀን ስለሆነ፣ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሰው የሚታየው ባለፈው ዓመት እንደተወለደ ነው። ለጡረታ ዕድሜ ስትቆጥሩ ይህን አትርሱ።)

ሦስተኛ የእናት ስም። ፎርሙ እናታችሁ ስትወለድ የነበራትን ስም ይጠይቃል። የእኛ እናቶች ሲያገቡ ስም ስለማይቀይሩ መልሱ ቀላል ነው። ከባዱ ፊደሉ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ በስልክ ማንነታችሁን ሲያጣሩ ይኼንኑ ነው የሚጠይቁት፤ ያኔ «ጸሐይ»ን በየትኛው የእንግሊዝኛ ፊደል እንደጀመራችሁ ካላስታወሳችሁ ከራሳችሁ ፋይል ውጭ ትቀራላችሁ። ጻፉትና አስቀምጡት።

ካርዱ ከመጣ በኋላ ቦርሳ ውስጥ ይዛችሁ አትዙሩ። ቁጥሩን በቃል ያዙ፣ ካርዱን ከፓስፖርት ጋር ቤት አስቀምጡ። ቢጠፋ የሚተካው በዓመት ከ3 ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ከ10 ጊዜ አይበልጥም፤ ስም በመቀየር የሚወጣው አይቆጠርም። በሥራ ፈቃድ ካርድ ያወጣችሁት ላይ ከኢሚግሬሽን ፈቃድ ጋር ብቻ ለሥራ ያገለግላል የሚል ጽሑፍ ይኖራል። ግሪን ካርድ ስታገኙ ጽሑፉ የሌለበትን ካርድ ጠይቁ። ቁጥሩ ያው ነው፤ አይቀየርም።

ከቼኩ ላይ የሚቆረጠው

አንድ ሺህ ዶላር ከሠራችሁ 62 ዶላሩ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ 14 ዶላር ከ50 ሳንቲሙ ለሜዲኬር፣ ማለትም ለ65 ዓመት በላይ ሰዎች ሕክምና ይቆረጣል። ድምሩ 76 ዶላር ከ50 ነው። እዚህ ድረስ ወረቀታችሁ ላይ ይታያል። የማይታየው አሠሪያችሁም ከኪሱ ሌላ 76 ዶላር ከ50 በስማችሁ መክፈሉ ነው።

ይህን ካወቃችሁ «ካሽ ልክፈልህ፣ ታክስ አይቆረጥብህም» የሚለውን ሰው በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ። ብዙ ጊዜ የራሳችን ሰው ነው፤ ምግብ ቤት ያለው፣ ጽዳት የያዘ፣ ልጅ የሚያስጠብቅ። ለእናንተ አዝኖ ሊሆን ይችላል፤ ለራሱ ግን በእርግጠኝነት አዝኗል፤ የእሱ ድርሻ ቀረለት። ለእናንተ የቀረላችሁ ደግሞ መዝገብ ነው። ያ ዓመት ባዶ ሆኖ ያልፋል፤ የሥራ ቦታ ላይ ብትወድቁም የሠራችሁ ለመሆናችሁ ወረቀት የለም።

ኡበር የምትነዱ ወይም በቴን ናይንቲ ናይን (1099)፣ ማለትም እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን በግል የምትሠሩ ሁለቱንም ድርሻ ራሳችሁ ናችሁ የምትከፍሉት፤ ከተጣራ ትርፋችሁ ላይ 15.3 በመቶ ነው። ስለዚህ ታክስ ሠሪው «በደንብ አውርጄልሃለሁ፣ ምንም አትከፍልም» ሲላችሁ ሁልጊዜ ደስ አይበላችሁ። ነዳጁ፣ የመኪናው ወጪ በሕጉ ልክ መቀነሱ መብታችሁ ነው። ከዚያ አልፎ ትርፋችሁን በወረቀት ዜሮ ካደረገው ግን ውሸቱን የፈረማችሁት እናንተ ናችሁ፤ የጡረታ መዝገባችሁም ያንኑ ዜሮ ይጽፋል።

አርባዋ

ጡረታ ለማግኘት ክሬዲት የሚባል በሥራ የሚገኝ ነጥብ 40 ያስፈልጋል። በዓመት ከ4 በላይ አይገኝም፤ ስለዚህ ቢያንስ አሥር ዓመት ማለት ነው። በ2025 አንድ ክሬዲት የሚገኘው 1,810 ዶላር በመሥራት ነበር፤ አራቱ በ7,240 ዶላር ይሞላሉ፤ መጠኑ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ ይላል። ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ሰው የዓመቱን አራት በጥቂት ወራት ውስጥ ይጨርሳል። የተገኘ ክሬዲት አይጠፋም። ወልዳችሁ፣ ተምራችሁ፣ አገር ቤት ከርማችሁ ብትመለሱ ካቆማችሁበት ይቀጥላል።

አገር ቤት ሃያ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ሲቆረጥብኝ ነበር የምትሉ፣ ያ ዘመን እዚህ አይደመርም። አሜሪካ ከ30 ገደማ አገሮች ጋር የአገልግሎት ዘመን የሚያደማምር ስምምነት አላት፤ ኢትዮጵያ ግን ከእነሱ ውስጥ የለችም። ደግ ዜናው፣ ከአገር ቤት ጡረታ የሚቀበል ሰው የአሜሪካው ይቀነስበት የነበረው ሕግ በጃንዋሪ 2025 ተሽሯል። ሁለቱንም መቀበል ይቻላል።

አርባ መሙላት መግቢያው ነው እንጂ መጠኑን አይወስንም። መጠኑን የሚወስነው ከፍተኛ ገቢ ያገኛችሁባቸው 35 ዓመቶች አማካይ ነው። 35 ያልሞላ ሰው የጎደሉት ዓመቶች በዜሮ ይሞሉበታል። በዛሬ ገንዘብ ሒሳብ በዓመት 35,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው እንውሰድና በ2025ቱ ቀመር እናስላው። አሥር ዓመት ብቻ ከሠራ በሙሉ የጡረታ ዕድሜው በወር 750 ዶላር ገደማ ያገኛል። ሃያ ዓመት ከሠራ 1,240 ገደማ። ሠላሳ ከሠራ 1,510 ገደማ። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመቶች ናቸው ብዙ የሚያመጡት፤ ቀመሩ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ያደላል። በ50 ዓመቱ የመጣ ሰው «እኔ አሁን ምን ዋጋ አለኝ» ሲል የምበሳጨው ለዚህ ነው። ዋጋ አለው፤ ለእሱ ነው እንዲያውም ዋጋው ያለው።

ሙሉ የጡረታ ዕድሜ በ1960ና ከዚያ ወዲህ ለተወለደ 67 ነው። በ62 መውሰድ ይቻላል፤ ግን በ30 በመቶ ያንሳል፣ ዕድሜ ልክ። ከ67 አልፎ እስከ 70 ለታገሠ በየዓመቱ 8 በመቶ ይጨመርለታል። ያልሠራች ወይም ጥቂት የሠራች ሚስትም (ባልም) በትዳር ጓደኛዋ መዝገብ እስከ ግማሹ ድረስ ማግኘት ትችላለች። ትዳሩ አሥር ዓመት ከቆየ ቢፋቱም መብቱ ይኖራል፤ ሌላ እስካላገባች ድረስ። እሱ ከሚያገኘው ምንም አይቀነስበትም፤ መጠየቋንም እሱ አይነገረውም። ይህን አንዳንድ ሴቶች ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲወድቅ

እዚህ ሰው ሲሞትብን የምናውቀውን እናደርጋለን። አዳራሽ እንይዛለን፣ ጎፈንድሚ እንከፍታለን፣ አስከሬን አገር ቤት እንልካለን፣ እንጀራና ወጥ እያመጣን አርባው እስኪያልፍ እናስተዛዝናለን። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚደውል ሰው ግን ከመካከላችን አይገኝም። ቀባሪ ቤቱ መሞቱን ብዙ ጊዜ ራሱ ያሳውቃል። መሞቱ መታወቁ ግን ልጆቹ እንዲከፈላቸው ማመልከት አይደለም።

ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ሃይስኩል ላይ ካሉ እስከ 19፣ በአባታቸው ወይም በእናታቸው መዝገብ በየወሩ ይከፈላቸዋል። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የምታሳድግ እናትም ታገኛለች። ለዚህ ሟቹ 40 ክሬዲት መሙላት የለበትም፤ ከመሞቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ 6 ክሬዲት፣ ማለትም የአንድ ዓመት ተኩል ሥራ ካለው ይበቃል። በመጣ በሁለተኛው ዓመቱ በመኪና አደጋ የሞተ ወጣት አባት ልጆች መብት አላቸው ማለት ነው፤ ሥራው በመዝገብ ከሆነ። ማመልከቻው በኢንተርኔት አይሞላም፤ በ1-800-772-1213 ደውሎ ቀጠሮ መያዝ ነው። ቶሎ ይደወል፤ ለዘገየ ሰው ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ከ6 ወር አይበልጥም። ለቀብር የሚሰጠው የአንድ ጊዜ ክፍያ ግን 255 ዶላር ብቻ ነው፤ እሱን ከእድሩ ጋር አታወዳድሩት።

ታሞ ወይም ተጎድቶ መሥራት ላቃተው ደግሞ ዲሳቢሊቲ አለ። ሕመሙ ቢያንስ 12 ወር የሚቆይ ወይም ለሞት የሚያሰጋ መሆን አለበት። ከ31 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ከመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት ቢያንስ አምስቱን የሠራ መሆን ይጠበቅበታል፤ ከ24 በታች ለሆነ የአንድ ዓመት ተኩል ይበቃል። ክፍያው የሚጀምረው ከአምስት ሙሉ ወር በኋላ ነው። የመጀመሪያው መልስ «አይሆንም» ቢሆን አትደንግጡ፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ ይከለከላል። ደብዳቤው በደረሳችሁ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ነው። ያመለጣችሁ ደብዳቤ ከተከለከለው ማመልከቻ የከፋ ነውና ከዚህ መሥሪያ ቤት የመጣ ፖስታ ሳይከፈት ፍሪጅ ላይ አይደር።

እናትና አባት ሲመጡ

ወላጆቻችሁን ለማምጣት የምታስቡ ይህን ቀድማችሁ እወቁ። ቢሮው ኤስኤስአይ የሚባል ሌላ ክፍያም ያድላል፤ ምንም ለሌላቸው የ65 ዓመት በላይ አዛውንትና አካል ጉዳተኞች ነው። ይህ ከመዋጮው አይከፈልም፣ ከአጠቃላይ ታክስ ነው። በ2025 ለአንድ ሰው ትልቁ የፌዴራል ክፍያ በወር 967 ዶላር ነበር፤ ባንክ ያለው ገንዘብና ሌላው ንብረት ተደምሮ ከ2,000 ዶላር መብለጥ የለበትም።

«እማዬ ግሪን ካርድ አላት፣ ዕድሜዋ 70 ነው፣ ለምን አይሰጧትም?» የሚለውን ጥያቄ ያልሰማሁበት ክርስትና የለም። መልሱ የ1996ቱ ሕግ ነው። በቤተሰብ ቪዛ የመጣ ግሪን ካርድ ያዥ ኤስኤስአይ ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ወይ 40 ክሬዲት ወይ ዜግነት ያስፈልገዋል። የትዳር ጓደኛ በትዳሩ ዘመን የሠራው ክሬዲት ሊቆጠር ይችላል፤ የልጅ ግን ለወላጅ አይቆጠርም። ስደተኛ ሆነው የገቡና ጥገኝነት የተሰጣቸው ለ7 ዓመት ማግኘት ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ዜግነት ካልወሰዱ ይቋረጣል። እነዚህ ሰባት ዓመቶች ሳያስቡት ያልፋሉ። ስፖንሰር ሆናችሁ የፈረማችሁት ወረቀትም ቀልድ አይደለም፤ ወላጃችሁ ዜጋ እስኪሆኑ ወይም 40 ክሬዲት እስኪቆጠርላቸው ድረስ ያስጠይቃችኋል።

ኤስኤስአይ የምትቀበል እናት ፋሲካን አገር ቤት ልዋል ብላ ሄዳ 30 ቀን ከሞላት ክፍያው ይቆማል፤ ተመልሳም 30 ቀን ተከታታይ እዚህ መቆየት አለባት። የጡረታው ግን እንደዚህ አይደለም። የአሜሪካ ዜጋ አዲስ አበባ ተቀምጦ ጡረታውን መቀበል ይችላል፤ በየጊዜው በሕይወት መኖሩን የሚጠይቅ ፎርም ይላክለታልና ሞልቶ መመለስ አለበት። ዜጋ ያልሆነ ደግሞ ከስድስት ወር በላይ ከመቆየቱ በፊት ቢሮውን ይጠይቅ።

ስልኩ

«ከሶሻል ሴኩሪቲ ነው፣ ቁጥርህ ለወንጀል ስለዋለ ታግዷል፣ ልትታሰር ነው» ብሎ የሚደውል ሌባ ነው። ዝጉት። ይህ መሥሪያ ቤት ቁጥር አያግድም፣ በስልክ አያስፈራራም፣ የጊፍት ካርድ ቁጥር ንገሩኝ አይልም። ጉዳይ ካለው በፖስታ ይጽፋል።

መዝገቡን ማየት

ኤስኤስኤ ዶት ጎቭ ላይ ገብታችሁ የራሳችሁን አካውንት ክፈቱ። ማንነታችሁን በሎግን ዶት ጎቭ ወይም በአይዲ ዶት ሚ ነው የምታረጋግጡት። ውስጡ በየዓመቱ ያገኛችሁት ገቢ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ታክስ በሞላችሁ ዓመት ሁሉ፣ ያለፈው ዓመት መመዝገቡን ከዳብሊው ቱአችሁ (አሠሪው በየዓመቱ ከሚሰጣችሁ የገቢ ወረቀት) ጋር አስተያዩ። ስሕተት ለማረም የተሰጠው ጊዜ ገቢው ከተገኘበት ዓመት ማለቂያ ጀምሮ 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ነው። ከዚያ በኋላም የሚታረሙ አሉ፤ በግል ለሚሠራ ሰው ግን በሩ በጣም የጠበበ ነው።

እኔ በአሥራ አንደኛ ዓመቴ ስከፍተው ሁለተኛው ዓመት ዜሮ ነበር። ያ የአባቴን ስም እንደ መጨረሻ ስም የመዘገበው ቦታ የላከው ዳብሊው ቱ ከቁጥሬ ጋር ስላልገጠመ ስም አልባ ሆኖ ሌላ ቋት ውስጥ ወድቋል። ድርጅቱ ተዘግቷል። ያዳነኝ ዳብሊው ቱውን አለመጣሌ ነው፤ ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁት ሻንጣ ኪስ ውስጥ ከክትባት ወረቀቴ ጋር ነበር። ቢሮ ይዤው ሄጄ፣ ከወራት በኋላ ዜሮው ተነስቶ ቁጥሩ ገባ።

ባለፈው ክረምት እነዚያ «እሱ የሽማግሌ ነው» ያሉኝ ጋሼ ቤቴ መጡ። 66 ሞልቷቸዋል። ከፓርኪንግ ወጥተው ታክሲ ሲነዱ ነው የኖሩት፤ ታክስ የሞሉበት ዓመት አለ፣ ያልሞሉበት ይበዛል። አካውንቱን ከፈትንላቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ይዘው ቁጥሮቹን ወደ ታች እየገፉ አዩ፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ክሬዲቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ 36 ይላል።

«አራት ነው የጎደለኝ?»

«አራት።»

«ስንት ወር ነው አራት?»

ልጄ የቤት ሥራ የምትሠራበትን ደብተር ስባ ሰጠችን፤ ጋሼ መነጽራቸውን አወጡ፤ የዚህን ዓመት ገቢያቸውን ከጃንዋሪ ጀምረው ይነግሩኝ ጀመር።